ጀሶ፣ ፋይበርግላስ ወይስ ቡት? የስብራት ማሰሪያዎች ሲመዘኑ

ፋይበርግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራው ማሰሪያ፣ ቀላል ነው፣ ቀለሙም ያምራል፤ ብዙ ሰው አጥንቱ በተሰበረ ዕለት የሚጠይቀው እሱን ነው። በእኛ ሚዛን ግን የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሸንፈው አሮጌው ጀሶ ነው፤ ያውም ግማሹ።

አጥንት ሲሰበር የፈሰሰው ደም በስብራቱ ዙሪያ ይረጋል፤ አካባቢው ያብጣል፤ እብጠቱም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ይጨምራል። ያን ጊዜ ዙሪያውን የተዘጋ ጠንካራ ማሰሪያ ደም ዝውውርን ሊያፍን ይችላል። ግማሽ ጀሶ በአንድ በኩል ክፍት ስለሆነ እብጠቱ ቢብስ ፋሻውን ማላላት ይበቃል። ለክንድ ከ8 እስከ 10፣ ለእግር ከ12 እስከ 15 ድርብ የጀሶ ፋሻ ይፈልጋል። ጀሶ ቅርጽ በመያዝም የሚስተካከለው የለም፤ ተጎትቶ ወደ ቦታው የተመለሰ አጥንት ደግሞ በልኩ የተቀረጸ ማሰሪያ ይፈልጋል።

የጀሶው መንከሪያ ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ጀሶ ሲጠነክር ራሱ ሙቀት ያወጣል፤ ሙቅ ውሃ ሲታከልበት ወይም ገና ሳይደርቅ ትራስ ላይ ሲደገፍ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠነክርም ውስጡ እስኪደርቅ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት ከተረገጠ ይሰነጠቃል። ክብደቱና ውሃ አለመቻሉ የታወቀ ጉድለቱ ነው።

ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በስብራቱ መሃል ለስላሳ ካለስ፣ ማለትም እንደ ቅርጭጭት ያለ ማያያዣ፣ ይሠራል። እብጠቱ ስለጎደለ የመጀመሪያው ማሰሪያ ይሰፋል፤ አጥንቱም ሊንሸራተት ይችላል። የአንደኛውና የሁለተኛው ሳምንት ራጅ የሚታዘዘው ለዚህ ስለሆነ አይዘለልም። ፋይበርግላስ ተራው የሚደርሰው አሁን ነው፦ ቀላል፣ ጠንካራ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ክብደት የሚችል (ሐኪሙ መርገጥ ከፈቀደ ማለት ነው)፣ በራጅም ከጀሶ ይልቅ አጥንቱን አጥርቶ የሚያሳይ። ነገር ግን እንደ ጀሶ አይቀረጽም፤ ጠርዙም ይቧጥጣል። «ውሃ አይነካውም» የሚለው ወሬ ደግሞ ግማሽ እውነት ነው። ሽፋኑ ባይበላሽም ከስሩ ያለው ጥጥ ይርሳል፤ ቶሎ ስለማይደርቅ ቆዳው ይልሞሰሞሳል፣ ይቆስላል።

ስለ ጥጡ ካነሳን፣ የማሰሪያው ጥራት ግማሹ እዚያ ነው ብንል አላጋነንንም። እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየደረበ ሁለት ሦስት ንብር ይጠቀለላል፤ ተረከዝ፣ ቁርጭምጭሚትና ከጉልበት በታች በውጪ በኩል ያለው ጉብታ ላይ ይጨመራል። በጉብታው ስር የሚያልፈው ነርቭ ከተጫነ እግር ወደ ላይ መታጠፍ ሊያቅተው ይችላል። ሲበዛም ጥሩ አይደለም፤ ጥጡ ሲጠቀጠቅ አጥንቱ ውስጥ ለውስጥ ይወዛወዛል።

ቬልክሮ ያለው ቡት፣ ማለትም እንደ ጫማ የሚጠለቅና የሚወልቅ ማሰሪያ፣ የሚመቸው ከመጀመሪያው ለማይንሸራተት ስብራት ወይም ካለሱ መጠንከር ከጀመረ በኋላ ነው። እግር ይታጠባል፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ መገጣጠሚያም ይንቀሳቀሳል። ትልቁ ጉድለቱም ያው መውለቁ ነው፤ ሕመሙ ሲቀል ባለቤቱ ያወልቀዋል፤ የሕመም መጥፋት ግን አጥንት ለመጠገኑ ማረጋገጫ አይሆንም። የአዋቂ የእጅ አንጓ ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ገደማ፣ ቅልጥም ከ3 እስከ 4 ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የልጆች ያጥራል፤ የአጫሾች ይዘገያል። ቡቱ ከፍ ስለሚል በሌላው እግር ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ካልተደረገ ወገብ ያማል።

ለሦስቱም የሚሠራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በማስታገሻ የማይበርድና እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ሌላ ሰው ጣቶቹን ሲዘረጋቸው የሚብስ ሥቃይ ወይም መደንዘዝ ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል። እዚያም ጠንካራውን ሽፋን ብቻ መሰንጠቅ አይበቃም፤ ጥጡም እስከ ቆዳው ድረስ መከፈት አለበት።