ፓይተን ወይስ ጃቫስክሪፕት? በኤአይ ዘመን ኮዲንግ ለሚጀምር የጎንደር ልጅ

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ከማራኪ እስከ አዘዞ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ "ኮዲንግ ልጀምር ነበር፣ በየትኛው ቋንቋ ይሻለኛል?" አሁን አሁን ደግሞ አስከትለው "ቻትጂፒቲ ሁሉንም እየጻፈው መማሩስ ምን ያደርግልኛል?" ይላሉ። እሱ ስለሚጽፍላችሁ ነው ማንበብ መቻል ያለባችሁ። ስለዚህ ቋንቋ ስትመርጡ ለመጻፍ የቱ ይቀላል ብላችሁ አትጨነቁ። ማሽኑ የጻፈውን አይቼ ስህተቱን የምይዘው በየቱ ነው? ጥያቄው ይሄ ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርጠው በፓይተንና በጃቫስክሪፕት መሀል ነው። ፓይተን እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፣ ጃቫስክሪፕት በ1995። በሁለቱም የተጻፈ ኮድ ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ ስለተረፈ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ኤአይ ሁለቱንም አሳምሮ ይጽፋል፤ በዚህ በኩል አታወዳድሯቸው። የሚለያዩት ነገር ሲበላሽ ነው።

እንበል ፒያሳ ላይ ላለ ፔንሲዮን የጥምቀት እንግዶችን ሂሳብ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም በኤአይ አሠራችሁ። አልጋ 800 ብር፣ ላውንደሪ 50 ብር። የአልጋው ዋጋ በእጅ ተሞልቶ የገባ ስለሆነ ፕሮግራሙ 800ን የሚያየው እንደ ጽሑፍ ነው፣ ቁጥር መሆኑን አያውቅም። ጃቫስክሪፕት ደምር ሲባል ሁለቱን ጎን ለጎን ይለጥፋቸውና 80050 ብሎ ያወጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ምንም የለም። ፓይተን ግን እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆምና ጽሑፍን ከቁጥር ጋር አልደምርም ይላል፣ ችግሩ ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለም ያሳያችኋል። ኮዱን ራሱ ላልጻፈ ጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ይሄን ስላልኩ ግን ፓይተንን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አትመኑት። ያንኑ በጽሑፍ የተያዘ 800 ለሁለት ሌሊት ብላችሁ በ2 ብታባዙት 800800 ብሎ ቁጭ ይላል፤ ጃቫስክሪፕት በተራው እዚህ ጋ 1600 ብሎ በትክክል ያሰላል። ጽሑፍና ቁጥር እንዴት እንደሚለያዩ የማያውቅ ሰው ሁለቱንም ኮድ ቢያይ ያምሩታል። ለዚህ ነው ተማሩ የምለው፣ ለዚህ ነው ሚዛኔም ወደ ፓይተን የሚያጋድለው፦ ዝም ብሎ የሚያሳልፈው ነገር ያነሰ ነው፣ ኮዱም ቅንፍና ምልክት ስለማይበዛበት ዓይን አያደክምም።

አንድ ነገር ሞክሩ። ሁለቱም ቋንቋዎች ለተለዋዋጮች፣ ማለትም ቁጥር ወይም ጽሑፍ ለሚቀመጥባቸው መያዣዎች፣ የአማርኛ ስም ይቀበላሉ። "ድምር = ዋጋ + ላውንደሪ" ብላችሁ ብትጽፉ፣ የዋጋንና የላውንደሪን ቁጥር ከላይ እስከሰጣችሁት ድረስ ፓይተን 3 ያለ ምንም ችግር ይሠራዋል። ከሌላ ሰው ጋር ስትሠሩ በእንግሊዝኛ መጻፋችሁ አይቀርም፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ሐሳቡን ለመከተል በጣም ይረዳል።

መብራትና ኔትወርክንም አስቡ። ኔትወርክ ሲጠፋ ቻትጂፒቲም አብሮ ይጠፋል። ፓይተንን አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አይድል የሚባለው መጻፊያም አብሮት ይመጣል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ፓይተን የሚያሠራውን ፓይድሮይድ 3 የተባለ አፕ አንድሮይድ ስልክ ላይ ጭናችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ምንም መጫን አይፈልግም፣ ክሮም ካለ አለ። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ታዲያ ጃቫስክሪፕት የሚሻለው ለማን ነው? የሠራውን ቶሎ በዓይኑ ካላየ ለሚሰለቸው ልጅ። አዝራር ትሠራላችሁ፣ ትጫኑታላችሁ፣ ይንቀሳቀሳል። ዌብሳይት መሥራት ወይም ቴሌግራም ውስጥ የሚከፈቱትን ሚኒ አፖች መሥራት ከፈለጋችሁ ከጃቫስክሪፕት ማምለጥ አይቻልም፣ በቀጥታ በእሱ ጀምሩ። ቦት (ቴሌግራም ላይ በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም) ብቻ ከሆነ በፓይተንም ይሠራል። ዳታ፣ ሂሳብ፣ ጥናት፣ ራሱ ኤአይ ላይ መሥራት ካማራችሁ ፓይተን። ጤና የሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ለመመረቂያ ጥናታቸው ዳታ ሲተነትኑም የሚጠቅማቸው እሱ ነው።

ጃቫን (ከጃቫስክሪፕት የተለየ ቋንቋ ነው) ለመጀመሪያ አልመክርም፣ በተለመደው አጻጻፉ አንድ መስመር ስክሪን ላይ ለማውጣት ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሲ ፕላስ ፕላስ በትምህርት ክፍላችሁ ከተሰጠ በደንብ ተማሩት፣ ኮምፒውተሩ ሚሞሪን እንዴት እንደሚይዝ ያሳያችኋል። በኤአይ ብቻ ተደግፎ በእሱ መጀመር ግን አደገኛ ነው፤ አምስት ቦታ ካለው ዝርዝር ስድስተኛውን አምጣ ቢባል አንዳንዴ ምንም ሳይል የማይረባ ቁጥር አምጥቶ ይሰጣል።

ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም ላይ የሚሠራ ጥንቃቄ፦ ኤአይ አንዳንዴ የሌለ ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት፣ አውርደን የምንጠቀምበት ኮድ) ስም ፈጥሮ "ይሄን ጫኑ" ይላል። በዚያ ስም ቫይረስ የሚያስቀምጡ አጭበርባሪዎች አሉ። ስሙን ራሳችሁ ሳታጣሩ አትጫኑ።

ለኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ በ2016 ዓ.ም የተጀመረውን ነፃ የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አሁንም ክፍት ከሆነ እዩት። ከፍላችሁ የምትማሩ ከሆነ አሠልጣኙን "ኤአይ ተዘግቶ የምንሠራበት ሰዓት አለ ወይ?" በሉት። ከሌለ ገንዘባችሁን ያዙ። ቤት ስትለማመዱም ኤአዩን "መልሱን አትስጠኝ፣ ስህተቱ ስንተኛ መስመር ላይ እንዳለ ብቻ ንገረኝ" በሉትና ማስተካከሉን ራሳችሁ ሞክሩ።