ሆም ቲያትር፣ ባለ አምፕሊፋየር ስፒከር ወይስ ለየብቻ የሚገጣጠም? ለሳሎን ሙዚቃ ማጫወቻ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ከ16 እስከ 20 ካሬ ሜትር ለሚሆን ሳሎን ሙዚቃ ማጫወቻ የሚፈልግ ሰው ገበያ ላይ ሦስት ምርጫ ይገጥመዋል። አንዱ አምስት ስፒከርና ሰብውፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ሳጥን) በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው ሆም ቲያትር ነው። ሌላው አምፕሊፋየሩ (ድምፅ ማጉያው) ውስጡ የተገጠመለት ጥንድ ስፒከር ሲሆን፣ ሦስተኛው አምፕሊፋየርና ስፒከር ለየብቻ ገዝቶ ማገናኘት ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ በዋናነት ዘፈን ለሚሰማበት ቤት ጥንዱ ስፒከር ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሸክላና ሲዲ ያለው፣ ዕቃውን እያስጠገነ ለብዙ ዓመት መያዝ የሚፈልግ ለየብቻ ይግዛ። ሆም ቲያትሩ ለፊልም እንጂ ለዘፈን አይመከርም።

ሆም ቲያትሩ ዘፈን ላይ ለምን ይደክማል

ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። የከፈሉት ገንዘብ ለስድስት ሳጥን፣ ለማጫወቻና ለአምፕሊፋየር ተከፋፍሏል። ትንንሾቹ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ ከ8 ሴንቲ ሜትር አይሰፉም፤ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ በቅጡ አያወጡም። ስለዚህ የወንድ ድምፃዊ ወፍራሙ ድምፅ ጥግ ከተቀመጠው ሰብውፈር፣ ቀጭኑ ከፊት ካሉት ይወጣል። ቤዙ እየደበደበ ግጥሙ የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ዕቃው ቤትዎ ካለ ድምፁን ወደ ስቴሪዮ (በግራና በቀኝ ስፒከር ብቻ ወደሚጫወትበት) ይቀይሩት፣ የሰብውፈሩንም መጠን ይቀንሱ፤ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል።

ካርቶኑ ላይ «ፒኤምፒኦ» (ለቅጽበት ብቻ ይወጣል የሚባለው ዋት) ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ከቁም ነገር አይቁጠሩት። ዕቃውን አዙረው ጀርባው ላይ የተለጠፈውን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ያንብቡ። ከሶኬት 60 ዋት የሚስብ ዕቃ 1,000 ዋት ድምፅ ሊያወጣ አይችልም። ማወዳደሪያው «አርኤምኤስ»፣ ማለትም ዕቃው ሳያቋርጥ የሚያወጣው ዋት፣ የሚለው ቁጥር ነው።

ስንት ዋት ይበቃል?

ብዙ ሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ። ከዋት በፊት የስፒከሩን የድምፅ ብቃት ማየት ይሻላል፤ በዴሲቤል ይጻፋል። 88 ዴሲቤል የሆነ ባለ 8 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ያወጣል። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ፣ 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው 82 ዴሲቤል ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ይህ ለወሬ ድምፅ ከፍ ማድረግ የሚያስገድድ ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ የሆነ እንዲመስል 10 ዴሲቤል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ከ40 ዋት ወደ 60 ዋት ለመሻገር ገንዘብ ከመጨመር፣ 85 ዴሲቤል የነበረውን ስፒከር በ88 መቀየር ይበልጣል። በጀቱን ሲከፍሉም ከግማሽ በላዩን ለስፒከሩ ይስጡ።

ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የሚቃጠለው አምፕሊፋየሩ ትልቅ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ትንሽ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲከፈት ድምፁ ይሰባበርና ሹል የሆነው ትርፍ ጉልበት ትዊተሩ ላይ ያርፋል። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ወዲያው ይቀንሱ።

ጥንዱና ለየብቻው ጎን ለጎን

ለምሳሌ ኤዲፋየር አር1280ዲቢ የተባለውን ጥንድ ስፒከር እንውሰድ፦ በጠቅላላው 42 ዋት፣ ብሉቱዝ፣ ኦፕቲካል (የብርሃን ገመድ መግቢያ)፣ ሁለት የቀይና ነጭ ጃክ መግቢያና ሪሞት አለው። ስልክና ቴሌቪዥን ለሚያገናኝ ሰው ሌላ ዕቃ አያሻውም። በሌላ በኩል ዴኖን ፒኤምኤ-600ኤንኢ አምፕሊፋየርን (በ8 ኦም በየቻናሉ 45 ዋት) ከዋርፍዴል ዳይመንድ 12.1 ስፒከር ጋር ያገናኘ ሰው የጠራና የሰፋ ድምፅ ያገኛል፤ ዋጋው ግን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ቦታም ይይዛል።

እውነተኛው ልዩነት የሚወጣው ዕቃው ሲበላሽና ሸክላ ሲመጣ ነው። በጥንዱ ውስጥ አምፕሊፋየሩ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ በአንደኛው ሳጥን ነው፤ እሱ ከሞተ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ለየብቻ የገዛ ሰው የተበላሸውን ብቻ ያስጠግናል ወይም ይቀይራል።

በ1960ዎቹ የታተሙ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ካሉዎት ደግሞ መርፌው የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ መሆኑን ይወቁ። ከላይ እንደተጠቀሰው ዴኖን ዓይነት አምፕሊፋየር ለዚህ የተሠራ «ፎኖ» የሚባል መግቢያ አለው፤ ጥንዱ ስፒከር አብዛኛውን ጊዜ የለውም። መርፌው በቀጥታ ተራው መግቢያ ላይ ከተሰካ ድምፁ ሹክሹክታ ይሆናል፣ ቤዝም አይኖረውም። መፍትሔው ትንሽ የፎኖ ማጉያ መግዛት ወይም ማጉያው ውስጡ ያለ የሸክላ ማጫወቻ መምረጥ ነው። ማጉያ ያለውን ማጫወቻ ግን ፎኖ መግቢያ ላይ አይሰኩት፤ ድምፁ ተሰባብሮ ይጮኻል።

ከቴሌቪዥን ጋር በኦፕቲካል አገናኝተው ድምፅ ካጡ ስፒከሩን ተበላሸ ብለው አይመልሱ። በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ መውጫው «ፒሲኤም» (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) ላይ መሆን አለበት፤ ዶልቢ (ታምቆ የሚላክ የድምፅ ዓይነት) ላይ ከሆነ ብዙ ስቴሪዮ ስፒከሮች አይረዱትም። ከዲሽ ሪሲቨር በጃክ ሲያገናኙ እምምም የሚል ድምፅ ከመጣ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር ላይ ይሰኩ። ካልጠፋ በኦፕቲካል ይቀይሩት፤ የብርሃን ገመድ ስለሆነ እምምታውን አያስተላልፍም።

ከአሜሪካ ዘመድ ሊልክልዎ ከሆነ

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። ጀርባው ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የተጻፈበት ዕቃ መሰኪያው ብቻ ከተቀየረ ይሠራል። «120 ቮልት» ብቻ ከተጻፈበት በቀጥታ የተሰካ ቀን ፊውዙ ይበጠሳል፣ ትራንስፎርመሩም ሊቃጠል ይችላል። ለየብቻ የሚሸጡ አምፕሊፋየሮች ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ቮልቴጅ የሚቀነስበት ትራንስፎርመር ሲገዙ ከዕቃው ፍጆታ ቢያንስ በእጥፍ የሚበልጥ ይሁን፤ ለ150 ዋት አምፕሊፋየር 300 ዋት። ዘመድዎ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። የትም ይገዛ የት፣ መብራት ሲጠፋ ዕቃውን ያጥፉት፤ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ብዙ ዕቃ ይገድላል።

ሱቅ ውስጥ ምን ይስሙ

ሻጩ ቤዝ የበዛበትን ዘፈን ይከፍትልዎታል። እርስዎ በገና ያስከፍቱ። የበገናው አውታር ዝቅ ያለ ድምፅ አለው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራ፣ የምትፈጥረው ንዝረት አለ። ጥሩ ስፒከር ንዝረቱንና የደርዳሪውን ድምፅ ለይቶ ያሰማል። ደካማው ሁለቱን አደባልቆ ጥዝዝታ ያደርገዋል። ከዚያ በዝግታ የሚዘፈን የሴት ድምፅ ያስከፍቱ፤ «ሰ» እና «ሸ» ጆሮ የሚወጉ ከሆነ እሱን ስፒከር ይተዉት። ለማወዳደር የሁለቱን የድምፅ መጠን እኩል ያስደርጉ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ቤት ከገባ በኋላ

ኮንዶሚኒየም ላይ ሲሚንቶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ድምፁን እያንጸባረቁ ግጥሙን ያደበዝዛሉ። በመቀመጫውና በስፒከሩ መካከል ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ከባድ መጋረጃ ያድርጉ። ስፒከሮቹን ከግድግዳ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር አርቀው፣ ትዊተሩ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል እንዲሆን ያስቀምጡ። ጥግ ላይ ከተቀመጡ ቤዙ ያብጣል። ለገመድ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ እስከ 8 ሜትር ድረስ ከበቂ በላይ ነው። ቀይና ጥቁሩን በሁለቱም በኩል በአንድ ዓይነት ያስሩ፤ አንዱ ከተገለበጠ ቤዙ ይሳሳል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከመሐል ሳይሆን ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

ያገለገለ ከሆነ

የስፒከሩን የፊት ክዳን አውልቀው በወረቀቱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት በጣትዎ ቀስ አድርገው ይንኩ። ፎም ከሆነና ከተፈረፈረ ቀለበቱ መቀየር አለበት፤ ጎማ ከሆነ ብዙ ይቆያል። መልቲሜትር ይዘው ይሂዱ። የባለ 8 ኦም ስፒከር ሁለት ጫፍ ከ5.5 እስከ 7 ኦም ያህል ማንበብ አለበት፤ ምንም ካላነበበ ሽቦው ተበጥሷል። አምፕሊፋየሩን ያለ ስፒከር አብርተው፣ ድምፁን ዜሮ አድርገው የስፒከር መውጫውን በዲሲ ሚሊቮልት ይለኩ። በሁለቱም ቻናል ከ50 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ወደ ሙሉ ቮልት ከደረሰ ስፒከርዎን ስለሚያቃጥለው አይግዙት።