ስፑትኒክ ልግዛ ወይስ የሽቦ ሳጥን ልስራ? ጫጩት እርግብ ቤት ለማላመድ የቱ ያዋጣል

እዚህ እንግሊዝ የውድድር እርግብ የጀመራችሁ ልጆች፣ ጃንዋሪ በገባ ቁጥር የምትልኩልኝ ጥያቄ አንድ ነው። ፎቶ ትልኩና "ወንድሜ ይሄን ስፑትኒክ ልዘዘው ወይስ ያንተን ዓይነት ሽቦ ልስራ?" ትላላችሁ፣ እኔ ደግሞ ለእያንዳንዳችሁ በቮይስ ስለፈልፍ አመሻለሁ። አንዴ ልጻፈውና ከዛሬ በኋላ ይቺኑ እልክላችኋለሁ። ለአዲስ ሰው፣ ስፑትኒክ የምንለው የእርግብ ቤቱ መግቢያ ላይ የሚገጠም ሳጥን ነው፣ ወፏ ተንጠልጣይ ዘንግ ገፍታ ትገባለች፣ መውጣት ግን አትችልም። የሽቦ ሳጥኑ ደግሞ መግቢያው ፊት ማረፊያ ሳንቃው ላይ ይቀመጣል፣ ጫጩቶቹ ውስጡ ሆነው አካባቢውን እያዩ ቤታቸውን ይለምዳሉ። መልሴን ከፊት ልንገራችሁ፣ ሽቦውን ስሩ። ስፑትኒክ አይረባም አላልኩም፣ ግን ለጫጩት ማላመጃ ብላችሁ ከሆነ የምትገዙት ገንዘባችሁን እየበተናችሁ ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን እንየው። እኔ ያለሁት ሼፊልድ ነው፣ እዚህ አካባቢ በደንብ የተሰራ የእንጨት ስፑትኒክ አሉሚኒየም ዘንግ ያለው አዲሱን ከ150 ፓውንድ በታች አላየሁትም፣ ሰፋ ያለው 200ን አልፎ ይሄዳል። ኦንላይን በ70 በ80 የሚሸጥም አለ፣ እሱ ላይ ቆይቼ እመጣለሁ ምክንያቱም ሆዴን ያሳረረኝ እሱ ነው። ተሰርቶ የሚሸጥ የሽቦ ሳጥን ከ40 እስከ 60 ፓውንድ ታገኛላችሁ። ራሳችሁ ከሰራችሁት ግን ባለ አንድ ኢንች ቀዳዳ የተበየደ ሽቦ አንድ ጥቅል 25 ፓውንድ ገደማ፣ ሁለት ማጠፊያ 3 ፓውንድ፣ ጣውላው ሰው በር ላይ ከተጣለ ፓሌት (ጠይቃችሁ ውሰዱ፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሰጣል)፣ በቃ 30 ፓውንድ አይሞላም፣ ከሽቦውም ግማሹ ይተርፋችኋል።

የ200 ፓውንዱ ስፑትኒክና የ30ው ሽቦ ልዩነት 170 ፓውንድ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አስቡት። አንድ እርግብ በቀን 30 ግራም አካባቢ ነው የሚበላው፣ አስር ጫጩት ካላችሁ 300 ግራም ማለት ነው፣ ስለዚህ 20 ኪሎ ጆንያ ሁለት ወር አልፎ ይሄዳል። ጆንያው እኔ የምገዛበት 17 ፓውንድ ነው። አስር ጆንያ በሉት፣ ዓመት ከመንፈቅ ያለፈ ቀለብ ለአንድ ሳጥን ሰጣችሁ ማለት ነው። የፓራሚክሶ (የእርግብ ቫይረስ በሽታ ነው) ክትባቱም አለ፣ እሱን እንደ ትርፍ ወጪ እንዳታዩት፣ እዚህ አገር ያልተከተበ እርግብ ውድድር አይገባም፣ ህግ ነው።

አሁን ወደ ርካሹ ስፑትኒክ። አንድ ወዳጄ ባለፈው ዓመት 75 ፓውንድ ብሎ ኦንላይን አዘዘ፣ ፎቶው ላይ ከዋናው ጋር አንድ ነው፣ ቀለሙ ሁሉ ያምራል። የሻጩን ስም አልጠራም፣ አንዱን ብትሸሹት በሌላ ስም ያው ዕቃ ይመጣል። ዝናብ ሁለት ሦስቴ ከመታው በኋላ "እየው እስቲ" ብሎ ይዞልኝ መጣ። የታችኛው ሰሌዳ ችፑድ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ እንጨት የመሰለ፣ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቶ ማዕዘኑ ላይ ቪሱን ተፍቶታል። የሚታጠፈው በር ፒኑ ተራ ብረት ነው፣ ዝጎ ስለያዘ በሩ አይወርድም፣ በጉጠት ነው ያላቀቅኩት። ይሄ ሁሉ ይሁን ይጠገናል። ዘንጎቹ ናቸው ጉዳዩ።

ዘንግ የምላችሁ ያ ከላይ በመቀርቀሪያ ተንጠልጥሎ ወፏ በደረቷ ስትገፋው ወደ ውስጥ ብቻ የሚወዛወዘው ነው፣ ወደ ውጪ እንዳይመለስ ከታች ደረጃ ይይዘዋል። ደህናው አሉሚኒየም ነው፣ ቀላል፣ በትንሽ ጣት ነካ ሲያደርጉት የሚሄድ። ፎርጅዱ ላይ የነበረው ግን ኒኬል የተቀባ ብረት ነበር፣ በዛ ላይ በሁለት ዘንግ መሀል ያለው ክፍተት ሰፍቷል፣ ስለዚህ ጫጩቷ ገፍታ መክፈት ሲያቅታት አንገቷን በመሀል ታስገባለች፣ ጭንቅላት ያልፋል ትከሻ አያልፍም። አንዷን ወዳጄ ተንጠልጥላ ደርሶባታል፣ ደግነቱ ነፍሷ አለች፣ ግን ያቺ ወፍ ከዛ በኋላ ዘንግ የሚባል ነገር ስታይ ጣራ ላይ ቁጭ ብላ መሽቶ ይነጋል፣ ለውድድር አትሆንም። ለጥገናው ውሃ የሚችል ኮምፔንሳቶ 20 ፓውንድ፣ የአሉሚኒየም ዘንግ ስብስብ 12፣ ማጠፊያና ቪስ 6፣ ድምሩ 38። 75 ላይ ስትደምሩት 113 ፓውንድ፣ የኔ ድካም ሳይቆጠር፣ ያም ሆኖ የኤሌክትሮኒክ ሰዓቱ መቀበያ ሰሌዳ (ወፏ ስትደርስ ሰዓቷን የሚመዘግበው) የሚቀመጥበት ቦታ ጠቦ ሰሌዳው አልገባም አለና እንደገና መሮ ይዤ ፈለፈልኩለት። ርካሽ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

እሺ ደህናው ስፑትኒክ ቢሆንስ? ትሉኛላችሁ። ደህናው ቢሆንም ለማላመድ ሽቦው ይበልጠዋል፣ ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ጫጩት የሚላመደው በዓይኑ ነው። ጣራውን ከውጪ ማየት አለበት፣ የጎረቤትን ጭስ ማውጫ፣ ዛፉን፣ በተለይ ደግሞ ሰማዩን ከላይ። ስፑትኒክ ውስጥ ሦስት አራት ወፍ ቢገባ ነው፣ ከፊት የቆመው ያያል የኋላው የጓደኛውን ጭራ ያያል፣ አንዱ ጉልበተኛ ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሌላውን አያሳልፍም። የሽቦ ሳጥን ማረፊያ ሳንቃው ላይ ሙሉ በሙሉ ስለሚቀመጥ አስሩም ይወጣሉ፣ በግራ በቀኝ በላይ ያያሉ፣ ቤታቸውንም ዞር ብለው ከውጪ ያዩታል። የዶሮ ሽቦ ያቺን ቀጭኗን ባለ ስድስት ጎን ግን እንዳትገዙ፣ 10 ፓውንድ ትቀንሳለች ግን ትረግባለች፣ ላባ ትነጫለች። የተቆረጠውን የሽቦ ጫፍ ደግሞ በሞረድ አስተካክሉት ወይ ወደ ውጪ እጠፉት፣ ዓይን ያወጣል።

አሰራሩን በአጭሩ። ጫጩቶቹ ከ28 እስከ 30 ቀን ሲሆናቸው ይመጣሉ፣ መጀመሪያ ውስጥ ይሁኑ፣ ውሃው የት እንዳለ አያውቁም እያንዳንዱን ይዛችሁ ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ነከር አድርጉት። ከዛ በየቀኑ ከምግብ በፊት ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይቀመጡ፣ ከዛ ጣሳ ውስጥ በቆሎ አድርጋችሁ እያንኳኳችሁ በፉጨት ጥሯቸው፣ ገብተው ይበላሉ። ሁሌ አንድ ዓይነት ፉጨት ይሁን፣ ሚስታችሁም ልጆቻችሁም ያችኑ ይልመዱ፣ አለበለዚያ እናንተ የሌላችሁ ቀን ወፉ ጣራ ላይ ነው። የቤቱ መግቢያ ላይ ያሉትን ዘንጎች መጀመሪያ ከፍ አድርጋችሁ በገመድ እሰሯቸው፣ ክፍት በር ይሁንላቸው፣ ከዛ በየቀኑ ሁለት ሁለቱን ልቀቁ፣ በዚህ ዓይነት አንድም ጫጩት ሳይደነግጥ መግፋት ይለምዳል። ምግባቸው ላይ ገብስ አብዙ፣ ገብስ መጨረሻ ነው የሚበሉት፣ ገብሱን መተው ሲጀምሩ ጠግበዋል ማለት ነው በቃ አንሱት።

ሳምንት አስር ቀን እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ አንድ ንፋስ የሌለበት ደረቅ ምሽት ምረጡ፣ ጀምበር ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት፣ ሆዳቸው ባዶ እንደሆነ የሳጥኑን ፊት ከፍ አድርጉትና ራቅ ብላችሁ ቁሙ። አትግፉ፣ አታባሩ፣ ሞባይል ይዞ ለመቅረጽ የሚጠጋ ልጅ ካለ ያዙት። እየተራመዱ ነው የሚወጡት እንጂ አይበሩም፣ ጣራ ላይ ወጥተው አካባቢውን ያያሉ፣ ፉጨትና ጣሳ ሲሰሙ ይወርዳሉ። ጠግበው የወጡ ጫጩቶችን ጭልፊት ቢያስደነግጥ ግን የት እንደሚያርፉ እግዜር ነው የሚያውቀው፣ እዚህ ከተማ ውስጥም ጭልፊት ሞልቷል። እድሜያቸው ክንፍ ሳይጠነክር መሆኑ ለዚህ ነው ወሳኙ፣ ሁለት ወር ሞልቷቸው ከተለቀቁ የመጀመሪያ ቀን ሊርቁ ይችላሉ።

ስፑትኒክ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፣ እሱን ልክድ አልችልም። ስራ የምትውሉ ከሆነና የተለማመዱት ወፎች ስልጠና ሄደው ማንም ቤት በሌለበት የሚገቡ ከሆነ፣ ገብተው መውጣት ስለማይችሉ ድመቱም ሌላውም አይደርስባቸውም፣ የሰዓቱ መቀበያ ሰሌዳም በልኩ ይቀመጣል። ውድድር እዚህ በያርድ በደቂቃ ነው የሚሰላው፣ 100 ማይል 176,000 ያርድ ነው፣ በደቂቃ 1,400 የምትበር ወፍ በ125.7 ደቂቃ ትደርሳለች፣ ጣራ ላይ ሁለት ደቂቃ ብቻ ብትቀመጥ ፍጥነቷ ወደ 1,378 ይወርዳል፣ በዛች ስንት ወፍ ያልፋታል። ሰው ይሄን ያይና "ስለዚህ ስፑትኒክ ያስፈልጋል" ይላል። ኧረ ወፏን ጣራ ላይ ያስቀመጣት የበሩ ዓይነት አደለም፣ ኤፕሪል ላይ በደንብ አለመላመዷ ነው! በ12 ፓውንድ ዘንግ የምትንደረደር ወፍ አለች፣ የ200 ፓውንዱ ላይ ቆማ ላባዋን የምታበጥር አለች።

ጫጩት ስትገዙ ደግሞ ሳጥኑን ያህል ተጠንቀቁ። "የወር ጫጩት" ተብሎ የሁለት ወር ይሸጣል፣ ያ ወፍ እዛ ሰውዬ ጋ ወጥቶ በርሮ ከሆነ እናንተ ጋ በሩ በተከፈተ ቀን ወደ ሰውዬው ነው፣ አንዳንዱ ሻጭ ይሄንኑ ነው የሚፈልገው፣ ሁለቴ ይሸጠዋል። እግሩ ቀለበት ላይ ያለው ጽሑፍ የተፈለፈለበትን ዓመት እንጂ ወሩን አይነግራችሁም። ክንፉን ዘርጉት፣ ከውስጥ በኩል የመጀመሪያው ትልቁ ላባ ወድቆ አዲስ እየበቀለ ከሆነ ወፉ ስድስት ሳምንት አልፎታል፣ መልሱት። ክንፉ ስር ገና ባዶ ቆዳ ካያችሁ፣ አንገቱ ላይ ቢጫ ጸጉር ከቀረ፣ ድምጹም ሲጥ ሲጥ የሚል ከሆነ ያ ነው የምትፈልጉት። የባለቤትነት ዝውውር ወረቀቱንም እዛው ተቀበሉ፣ በኋላ እልክልሃለሁ የሚል ሰው አይልክም።

"ለምን የደረሰ ጥሩ ወፍ አልገዛም?" የሚልም አለ። በ2020 ኒው ኪም የምትባል የቤልጂየም እርግብ 1.6 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጣለች፣ የቻይና ሰው ነው የገዛት፣ ለማብረር አደለም ግን፣ ለማራቢያ ነው። የሌላ ቤት ለምዶ ሲወዳደር የኖረ ወፍ ዋጋው ምንም ይሁን እናንተ ጋ ሲለቀቅ ወደ ድሮ ቤቱ ሊሄድ ይችላል፣ ቆልፋችሁ ልጆቹን ነው የምታበሩት።

ሰፈር እያለን የምናደርገውን የክንፍ ማሰር ነገርም አንዳንዶቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ ነጻ ስለሆነ። በክር ታስራላችሁ ወይ ላባ ትቆርጣላችሁ፣ ወፉ ሳይበር ግቢ ውስጥ እየተራመደ ይላመዳል። ለግቢ እርግብ ይሰራ ነበር። የተቆረጠ ላባ ግን እስኪረግፍ ድረስ በቦታው አዲስ አይበቅልም፣ ጁላይ ላይ የጫጩቶች ውድድር ሲጀመር ወፋችሁ ጎዶሎ ክንፍ ይዞ ነው፣ በዛ ላይ መሬት የሚራመድ የማይበር ወፍ ለድመት ድግስ ነው። ነጻ ብላችሁ 25 ፓውንድ ወፍ ታጣላችሁ።

ስፑትኒኩን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ አትሽጡት፣ ያገለገለ ግማሽ ዋጋ አያወጣም። ዘንጎቹን አውልቁና አስቀምጡ፣ ከፊቱ ማረፊያ ሳንቃው ላይ በሁለት ማጠፊያ የሽቦ ሳጥን ግጠሙበት፣ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ጫጩቶቹ በስፑትኒኩ በኩል አልፈው ሽቦው ውስጥ ይውጡ። ሲላመዱ ሽቦውን ንቀሉት፣ ዘንጎቹን ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ መልሱ። ሽቦው ከዝናብ ተነስቶ ሼድ ውስጥ ከተቀመጠ ለሚቀጥለው ዓመት ጫጩቶችም ይሆናል፣ እኔ ጋ ያለው ማጠፊያው ብቻ ነው እስካሁን የተቀየረው፣ 3 ፓውንድ።