በወታደራዊ ክስ ወቅት ያገኘሁት የተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት

ያለፈቃድ ሁለት ቀን ከክፍሌ ቀርተሃል ተብዬ በተከሰስኩበት ጊዜ ሠራዊቱ ያለክፍያ የመደበልኝን ተከላካይ ጠበቃ አገልግሎት የምገመግመው፣ ተመሳሳይ የክስ ወረቀት የሚደርሰው ወታደር ምን መጠየቅ እንዳለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ብዬ ነው።

ጠበቃው መቶ አለቃ ነበር። ገና እንደተቀመጥን የጠየቀኝ አጥፍቼ እንደሆነ ሳይሆን፣ እስከዚያች ሰዓት ለማን ምን እንደተናገርኩ ነው። አዛዥ ሲጠይቀው ወዲያው መመለስ የለመደ ወታደር ዝም የማለት መብቱን በቀላሉ ይዘነጋል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ይህ መብት ለተጠርጣሪው ከምርመራ በፊት እንዲነገረው ያስገደደው፣ የሲቪሉ ፖሊስ ላይ ተመሳሳይ ግዴታ ከመጣሉ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን ምርጫዬን ያስረዳበት መንገድ ነው። ጉዳዬን የሻለቃው አዛዥ ቢያየው በቀናት ውስጥ እልባት ያገኛል፤ ቅጣቱም ከካምፕ እንዳልወጣ መታገድ፣ ተጨማሪ ሥራ ወይም የደመወዝ ቅጣት ነው። ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከቀረብኩ ማስረጃው በጥብቅ ይመዘናል፣ ምስክሩም በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል፤ ጥፋተኛ ከተባልኩ ግን የወንጀል ሪከርዱ ከሠራዊቱ ከተሰናበትኩ በኋላም ይከተለኛል። ይህን ሲያስረዳኝ አላጣደፈኝም። የፈቃድ ወረቀቴን ገልብጦ በጀርባው የሰፈረውን የማራዘሚያ ፊርማ ያገኘው፣ ከበር ጥበቃው መዝገብ ጋር አመሳክሮም ከሁለቱ ቀናት አንዱ በፈቃድ የተሸፈነ መሆኑን ያሳየው እርሱ ነው። አዛዡ ፊት መቅረብን መረጥኩ፤ በቀረው አንድ ቀንም ለአንድ ሳምንት ከካምፕ እንዳልወጣ ተወሰነብኝ፤ ይገባኝ ነበር።

የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት ማን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ከአዛዣችን ዕዝ ውጭ ያለ የሕግ ክፍል መሆኑን ነገረኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 በብሪታንያ ላይ የፈረደው፣ የአገሪቱን ወታደራዊ ችሎት አባላት የሚሰይመው መኮንን የእነርሱ የበላይና ውሳኔያቸውን የሚያጸድቅ ሆኖ በመገኘቱ ነበር።

ቅሬታዬ ጠበቃው የተመደበልኝ ክሱ በደረሰኝ በአራተኛው ቀን መሆኑና የተነጋገርነውም የዐቃቤ ሕጉ ጸሐፊ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ መሆኑ ነው። ጸሐፊው ወረቀት ሊወስድ በገባ ቁጥር እኔ ዝም እል ነበር፤ የፈቃድ ማራዘሚያውን የፈረመልኝን ሰው ስም የተናገርኩትም ከግቢው ወጥተን አጥር ጥግ ከቆምን በኋላ ነው። ጠበቃ የሚመደብላችሁ ሁሉ መጀመሪያ የተለየ ክፍል እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።