ለልጄ የዘረመል ሐኪም ምስጋና፣ «ትርጉሙ አይታወቅም» የሚል ውጤት ለያዛችሁ ወላጆች ደግሞ ጥቆማ

ሥራውን ከልቡ የሚሠራ ሰው አይቶ ዝም ማለት አልችልም። ዛሬ የማመሰግናቸው የልጄን የዘረመል ምርመራ የያዙልንን ሐኪም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲጠራ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ሥራቸውን ግን ልናገር፤ እንዲህ ዓይነት ስፔሻሊስት መኖሩን እንኳ የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው።

ልጄ ስትወለድ ልቧ ላይ ክፍተት ነበር። መጥባት አስቸገራት፣ ሰውነቷ ልል ነው፣ ቁመቷም ከእኩዮቿ ወደኋላ ቀረ። ልቧን አንድ ሐኪም አየ፣ አመጋገቧን ሌላ፣ እድገቷን ደግሞ ሌላ። ሁሉም የድርሻቸውን በደንብ ሠርተዋል፤ ነገር ግን ይሄ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይሆን እንዴ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አልፈርድባቸውም። በዓለም ላይ ከ6,000 በላይ እምብዛም የማያጋጥሙ ሕመሞች አሉ፣ አብዛኞቹን አንድ ሐኪም ዕድሜውን ሙሉ ላያያቸው ይችላል። በኋላ የዘረመል ምርመራ ታዘዘ። ውጤቱም «አንድ ጂን ላይ ለውጥ አለ፣ ትርጉሙ ግን አይታወቅም» የሚል ሆኖ መጣ። አለባት እንዳትሉ የለም፣ የለባትም እንዳትሉ አለ።

እሳቸው ጋ ስንደርስ መጀመሪያ ያዩት ልጄን እንጂ ወረቀቱን አይደለም። እጇን ያዙና ጣቶቿን በጎን በኩል ብርሃን ላይ አደረጓቸው። የጣቶቿ ጫፍ በውስጥ በኩል እንደ ትንሽ ትራስ ከፍ ከፍ ያለ ነው፤ እኛ ቤት ሁሌም የምንስመው ቦታ! ጽንስ እያለን ሁላችንም ያ አለን አሉ፣ ከመወለዳችን በፊት ይጠፋል፣ እሷ ላይ ግን ሳይጠፋ ቀርቷል። ቀጥለው ዓይኗን አዩ። ቁርጡ ረዘም ያለ ነው፣ የታችኛው ቆብ ጫፉ ላይ ትንሽ ወደ ውጭ ገልበጥ ይላል። ወረቀቱን ያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ካቡኪ ሲንድሮም እንደጠረጠሩ ነገሩን፤ በጂን ለውጥ የሚመጣ፣ መልክን፣ እድገትንና የተለያዩ የሰውነት ክፍሎችን አብሮ የሚነካ፣ እምብዛም የማያጋጥም ሕመም ነው።

ይህን ሲንድሮም መጀመሪያ የገለጹት የጃፓን ሐኪሞች ኒካዋና ኩሮኪ ናቸው፣ በ1981 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። ለ30 ዓመት ገደማ የሚለየው በመልክና በምልክት ብቻ ነበር። ለውጡ ሕመሙን የሚያመጣው ዋናው ጂን፣ ኬኤምቲ2ዲ የሚባለው፣ የተገኘው በ2010 ነው። የልጄም ለውጥ እዚያው ጂን ላይ ነበር!

ታዲያ በጥርጣሬ አላቆሙም። የእኔንና የባለቤቴን ደም አስመረመሩ። ለውጡ ሁለታችንም ላይ የለም፣ ልጄ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው። ያ ከምልክቶቿ ጋር ሲደመር ላብራቶሪው ውጤቱን ከለሰና «በሽታ አምጪ» አለው። «ከእናት ወገን ነው፣ ከአባት ወገን ነው» የሚለው የዘመድ ወሬም በዚያው ተዘጋ። ለሚቀጥለው ልጅ ያለው ስጋት ትንሽ ቢሆንም ጭራሽ ዜሮ እንዳልሆነ ግን ሳይደብቁ ነግረውናል።

ስሙ መታወቁ ምን ጠቀመ ለምትሉ፣ መፈለግ ያለበት ነገር ታወቀ። የኩላሊት አልትራሳውንድ፣ የመስማት ምርመራ፣ የበሽታ መከላከል አቅም፣ ጥርስ፣ ሁሉም በተራ ታየ። ጆሮዋ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ተገኘ፤ ንግግሯ ከዘገየበት ምክንያት አንዱ እሱ ነበር፣ ታከመች።

ከሁሉም በላይ የወደድኩላቸው ግን ስለ ጥናቶች ያስረዱን ነገር ነው። ስለ እድገት ሆርሞን ሕክምና አንብቤ በጉጉት ስሄድ አላጣጣሉኝም፣ አላስጎመጁኝምም። ጽሑፉን አብረን አነበብነው። ቁመት ላይ ጥሩ ውጤት ታይቷል፣ ግን ስንት ልጆች ላይ ነው? ለምን ያህል ጊዜ ተከታተሏቸው? ሕክምናውን ካላገኙ ልጆች ጋር ተነጻጽሯል ወይ? እንዲህ እምብዛም በማያጋጥም ሕመም ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሌም ሰው ያንሰዋል፣ ሪፖርት የሚደረጉትም ብዙ ጊዜ ከበድ ያሉት ናቸው፣ ስለዚህ ያነበባችሁት ሁሉ ልጃችሁ ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም። ይህን ሲነግሩኝ እንቅልፌ ተመለሰ። መረጃዋም ስሟ ሳይገለጽ በፈቃዳችን ወደ ታካሚዎች መዝገብ እንዲገባ አደረጉ፣ ለሚቀጥለው ቤተሰብ ቁጥሩ በአንድም ቢሆን ይጨምርለታል።

እናንተም እንዲህ ያለ ውጤት ይዛችሁ ከሆነ መሳቢያ ውስጥ አትተዉት። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ እንደገና ይታይልን በሉ፤ ብዙ ጊዜ አዲስ ደም እንኳ አያስፈልግም፣ የድሮው መረጃ ነው ዳግም የሚነበበው። የሁለቱም ወላጆች ደም ተመርምሮ እንደሆነም ጠይቁ። ሙሉውን ሪፖርት ተቀበሉ፣ ማጠቃለያውን ብቻ አይደለም።

ዶክተር፣ ይህን እንደሚያነቡት አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የእሳቸውን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ።