የዐረብኛ ኪታብ ለማንበብ፦ ኢ-ኢንክ ሪደር ይሻላል ወይስ ታብሌት?

ደሴ ፒያሳ ወርዳችሁ "ኪታብ የማነብበት ምን ልግዛ?" ብትሉ የሚቀርብላችሁ ታብሌት ነው። ሱቁ ውስጥ ያለው እሱ ነዋ። ኢ-ኢንክ ሪደር፣ ማለትም ስክሪኑ እንደ ወረቀት የሚነበብ የንባብ ዕቃ፣ በብዛት የሚመጣው ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ሳያየው ያስመጣዋል። ይህን የምጽፈው ብር አጠራቅሞ አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ለሚችል ደረሳ (የኪታብ ተማሪ) ነው። እሱ ከተሳሳተ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

መልሱ ከዕቃው አይጀምርም። ከፋይሉ ነው የሚጀምረው።

መጀመሪያ ፋይላችሁን እዩ

የዐረብኛ ኪታብ በሁለት መልክ ይገኛል። አንደኛው ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ነው፤ የገጹ ፎቶ ማለት ነው። ሁለተኛው እውነተኛ ጽሑፍ ነው፤ ኢፐብ የሚባለው የመጽሐፍ ፋይል ወይም መክተባ ሻሚላ በሚባለው የኪታብ ፕሮግራም ውስጥ ያለው ዓይነት። ስልካችሁ ላይ ክፈቱትና አንድ ቃል ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጉ። ቃሉ ከተመረጠ አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፍ ነው። ካልተመረጠ ፎቶ ነው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እንደ ኢፐብ ያለ ጽሑፍ ከሆነ ፊደሉን የፈለጋችሁትን ያህል ብታተልቁት መስመሩ ራሱን አስተካክሎ ይሰደራል። ፎቶ ከሆነ ግን ሲያጎሉት ገጹ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ከዚያ ግራ ቀኝ መጎተት ነው። በቴሌግራም ከደረሳ ደረሳ የሚተላለፈው ኪታብ ደግሞ አብዛኛው ስካን ነው።

ስፋቱ ነው ወሳኙ

የተለመደው የዐረብኛ ኪታብ ገጽ 17 በ24 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 6 ኢንች ሪደር ስክሪኑ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያ ገጽ እዚያ ላይ ሲገባ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ባለ 8.7 ኢንች ታብሌት ላይ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። ባለ 10.3 ኢንች ኢ-ኢንክና ባለ 11 ኢንች ታብሌት ላይ ግን ሁለቱም ጋ 87 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከወረቀቱ ብዙም አይርቅም።

"ኅዳጉን ብቆርጠውስ?" የሚል አለ። ለአዲሶቹ እትሞች ይሠራል። ኬኦሪደር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ባዶውን ጠርዝ ራሱ ይቆርጥላችኋል። ኮቦና ፖኬትቡክ በሚባሉት ኢ-ኢንክ ሪደሮችና አንድሮይድ ላይ ይጫናል፤ የገጽ አገላለጡንም ከቀኝ ወደ ግራ ያደርግላችኋል። ግን ቢጫ ወረቀት ላይ የታተሙትን የድሮ የካይሮ ኪታቦች አስቡ። መትኑ (ዋናው ጽሑፍ) አንድ ቦታ ነው፣ ሐሺያው (የኅዳግ ማብራሪያው) ዙሪያውን ከቦታል። እዚያ ጠርዙም ኪታብ ነው፤ ምን ይቆረጣል?

አሁን አንድ መስመር ቀረብ ብላችሁ እዩ። ባ፣ ታ እና ሣ የሚለያዩት በነጥብ ብቻ ነው። ሸዳ (የማጥበቂያ ምልክት) ላይ ፈትሓ ይሁን ከስራ (የአናባቢ ምልክቶች) የምትለዩት በአንዲት ሰረዝ ቦታ ነው። ነህው (ሰዋስው) የሚቀራ ደረሳ ደግሞ ፋዒሉን (ባለቤቱን) ከመፍዑሉ (ከተሳቢው) የሚለየው መጨረሻ ላይ ባለችው ዶማ ወይም ፈትሓ ነው። ገጹ በግማሽ ሲያንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። ሐረካ (እነዚህን የአናባቢ ምልክቶች) ገምቶ መቅራት ደግሞ ስሕተትን ማጥናት ነው።

ለዚህ የኢንች ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ስክሪኑ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት የምስል ነጥብ እንዳለውም ይታያል። ሳምሰንግ ታብ ኤ9 ባለ 8.7 ኢንቹ በኢንች 179 ነጥብ ነው። ባለ 11 ኢንቹ ኤ9 ፕላስ 206 ነው። የአማዞኑ ባለ 7 ኢንች ኢ-ኢንክ ሪደር ኪንድል ፔፐርኋይት 300 ነው፤ ከመጽሐፍ ህትመት ጋር ይቀራረባል። እና ኢ-ኢንክ እዚህ ላይ ይበልጣል። ግን 7 ኢንች ላይ ያለ 300 ነጥብ የጠበበውን ገጽ አያሰፋውም።

ስለዚህ ኪታባችሁ በብዛት ስካን ከሆነ፣ ባለ 6 ወይም 7 ኢንች ሪደር አትግዙ። ዘመድ በስጦታ ልላክላችሁ ቢል እንኳ ትልቁን ለምኑ። ከትንሽ ኢ-ኢንክ ባለ 11 ኢንች ታብሌት ይሻላል።

ቀይ ቀለም

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ብዙ ሸርሆች (መትን የሚያብራሩ ኪታቦች) ላይ መትኑ በቀይ፣ ሸርሁ በጥቁር ይታተማል። በጥቁርና ነጭ ኢ-ኢንክ ላይ ቀዩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል፤ መትኑ የት አልቆ ሸርሁ የት እንደጀመረ መለየት ያዳግታል። ቅንፍ ያለበት እትም ካገኛችሁ ችግሩ ይቀላል። የተጅዊድ (የቁርኣን አነባበብ) ሕግ በቀለም የተለየበት ሙስሐፍም እንዲሁ ነው፤ ቀለሙ ከሌለ ጥቅሙ ቀረ። ባለ ቀለም ኢ-ኢንክ አለ፤ ቀለሙ ላይ ግን የነጥቡ ብዛት ከ300 ወደ 150 ይወርዳል፤ ቀለሙም ፈዘዝ ያለ ነው። ለቀለም ታብሌት ያሸንፋል፤ ክርክር የለውም።

የቢጫ ወረቀት ስካንም ኢ-ኢንክ ላይ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ኮንትራስቱን ከፍ ማድረግ ይጠቅማል፤ ኬኦሪደር ውስጥ ማስተካከያው አለ።

መብራትና ፀሐይ

እዚህ ኢ-ኢንክ የራሱ ሜዳ ላይ ነው። ስክሪኑ ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፤ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ገጽ ሲቀየር ነው። ስለዚህ ትንሾቹ አንድ ጊዜ ቻርጅ ተደርገው ሳምንታት ይቆያሉ። መብራት በጠፋ ቁጥር ለሚጨነቅ የደሴ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከዙህር በኋላ ደጅ ተቀምጦ ለሚያነብም ኢ-ኢንኩ እንደ ወረቀት ይነበባል። ታብሌቱ መስታወት ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ የፊት መብራት የሌለው ኢ-ኢንክም አለ። ቡክስ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ባለ 10.3 ኢንቹ ኢ-ኢንክ፣ ቡክስ ጎ 10.3፣ በኢንች 300 ነጥብ አለው፤ ለኪታብ ድንቅ ስክሪን ነው፤ የፊት መብራት ግን የለውም። ከመግሪብ በኋላ መብራት ከሄደ ባትሪ ሞልቶም ማንበብ የለም። የዚያው ድርጅት ኖት ኤር የሚባሉት መብራት አላቸው።

ፋይሉ እንዴት ይገባል?

ታብሌት ላይ ቴሌግራም ትከፍታላችሁ፣ ኪታቡን ታወርዳላችሁ፣ አለቀ። ቡክስም በአንድሮይድ ስለሚሠራ እንደዚያው ነው። ኮቦ ላይ ብዙውን ጊዜ በገመድ ከኮምፒዩተር መቅዳት ነው። ኪንድል በገመድ የተቀዳለትን ኢፐብ አያነብም፤ በአማዞን በኩል መላክ አለበት። ለዚያ አካውንትና ዋይፋይ ያስፈልጋል፤ በድረ ገጹ የሚላክ ፋይልም ከ200 ሜጋባይት ማለፍ የለበትም። ኮምፒዩተር የሌለው ደረሳ ይህን ቀድሞ ይወቅ። ሰው እየለመኑ ኪታብ ማስጫን ያደክማል።

ቃል መፈለግ፣ ከአንድ ጥራዝ ወደ ሌላ መዝለል፣ ሻሚላ ውስጥ ማሰስ ደግሞ የታብሌት ሥራ ነው። ኢ-ኢንክ ገጽ ሲቀይር ይዘገያል፤ የቀደመው ገጽ ጥላም አንዳንዴ ይቀርበታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተርታ ለሚነበብ ኪታብ ይህ አይታወቅም። ማውጫና ገጽ ለሚያመላልስ ግን ያበሳጫል። የኡስታዙን የደርስ ቅጂ እያዳመጡ መከተልም ታብሌት ላይ ይቀላል።

በሌላ በኩል ታብሌት ላይ ፌስቡኩም ቲክቶኩም አንድ ጣት ርቀት ላይ ናቸው። ይህን አቅልላችሁ አትዩት። ለታዳጊ ወንድም ወይም እህት የምትገዙ ከሆነ ለኔ ይህ ብቻውን ወደ ኢ-ኢንክ ያመዝናል። ፋይሉን ኢፐብ ፈልጉለትና ትንሿን ግዙለት፤ ሐረካውም ጎልቶ ይታየዋል። ዓይናቸው ለደከመ ሸህም እንዲሁ፤ ጽሑፍ ከሆነ በትልቅ ፊደል ኢ-ኢንክ፣ ስካን ከሆነ ባለ 11 ኢንች ታብሌት አግድም ተይዞ ግማሽ ግማሽ ገጽ።

ዋጋና ግዢ

የእኛ አገር ዋጋ ከዶላሩ ጋር ስለሚዘል ውጭ ሲወጡ የተተመኑበትን ልንገራችሁ። በ2024 የወጣው መደበኛ ኪንድል 110 ዶላር፣ የዚያው ዓመት ፔፐርኋይት 160፣ ታብ ኤ9 ፕላስ 220፣ ቡክስ ጎ 10.3 ደግሞ 380 ገደማ ነበር። ለስካን ኪታብ የሚሆነው ኢ-ኢንክ ውድ ነው። አቅሙ ካለና ንባቡ ሙሉ ቀን ከሆነ ትልቁ ኢ-ኢንክ ይገባዋል እላለሁ። አቅሙ ከሌለ ባለ 11 ኢንች ታብሌት ገዝቶ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ማንበብ።

ታብሌት ስትገዙ ስሙ የማይታወቅ ሆኖ "512 ጊጋ" የተለጠፈበትን ተጠራጠሩ። ተለጣፊው የሚለውና ውስጡ ያለው ሚሞሪ የማይገናኝበት ዕቃ ገበያ ላይ ሞልቷል። ትልልቅ ፋይል ጭናችሁ በትክክል መከፈታቸውን እዩ፤ ስካን ኪታብ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት። ሸዳው ላይ ያለችው ከስራ ካልታየቻችሁ ትታችሁት ውጡ።

ኢ-ኢንክ የሚያመጣላችሁ ዘመድ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው ንገሩት፤ በእጁ ይያዘው፣ ጠንካራ ሽፋንም አብሮ ይግዛ። የብዙዎቹ ስክሪን ከሥሩ ስስ መስታወት ነው፤ ሲጫኑት ከላይ ሳይሰነጠቅ ውስጡ ይሰበራል። የታብሌት ስክሪን የሚቀይር ጠጋኝ ደሴም ኮምቦልቻም ይገኛል። ለኢ-ኢንክ ግን መለዋወጫው ራሱ እንደገና ከውጭ መምጣት አለበት።