ለሃኪንቶሽ (የአፕልን ማክኦኤስ ለጫንክበት ተራ ፒሲ) የቱ ግራፊክስ ካርድ ይሻላል? አርኤክስ 580 ወይስ ጂቲኤክስ 1060?

ሁለቱም ያገለገሉ ርካሽ ካርዶች ናቸው። ዊንዶውስ ላይ ብዙም አይበላለጡም። ማክኦኤስ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጂቲኤክስ 1060 ቆጣቢ ነው፤ 120 ዋት ይበቃዋል፣ ያረጀ ፓወር ሰፕላይም ይችለዋል። ችግሩ ድራይቨሩ ነው፤ ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያገናኘው ሶፍትዌር። ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ ያወጣው ድራይቨር የሚሠራው ሃይ ሲየራ እስከተባለው የማክኦኤስ እትም ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቀጣዩ እትም ሞሃቪ ሲመጣ ነገሩ አበቃ። ስክሪኑ ይበራል፣ ግን መስኮት ስትጎትት ምስሉ እየተቆራረጠ ይከተልሃል። እኔ ዋጋው አታሎኝ ገዝቼው ሁለት ሌሊት በከንቱ ታገልኩ።

አርኤክስ 580 185 ዋት ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ ማራገቢያውም ይጮሃል። ግን አፕል ራሱ በ2017 ለገንቢዎች በሸጠው የውጭ ግራፊክስ ሳጥን ውስጥ የከተተው ይህንኑ ካርድ ስለሆነ፣ ኦፕንኮርን (ማክኦኤስን ፒሲ ላይ የሚያስነሳውን ፕሮግራም) በትክክል ካዋቀርክ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር እስከ ሴኮያ እትም ድረስ ይሄዳል። ለእኔ ምርጫው ይሄው ነው።

ስትገዛ ብቻ «2048ኤስፒ» የሚል 580 እንዳይሸጡልህ። እሱ ስሙን የቀየረ አርኤክስ 570 ነው፣ መታወቂያ ቁጥሩን ማክኦኤስ የሚያውቀው ካርድ ካላስመሰልክለት ማክኦኤስ አያውቀውም።